የድጓ ተማሪን ማን አበላው?
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የከፍተኛ ትምህርት ድጋፍ ታሪክ

በአገራችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከእ.ኤ.አ. 1978 ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። በዚያው ዓመት የእኛም የጎንደሩ ሕክምና ፋኩልቲ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሥራ ጀመረ። ለዘመናዊው ትምህርት ይህ ቆጠራ ትክክል ነው። እኔ ግን እስቴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሐኪም ከሆንኩም በኋላ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጋይንት ውስጥ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ሌላም ቆጠራ እንዳለ አውቃለሁ።

ከጉና ተራራ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ባለው አገር፣ የተማረውን ይዞ ወደ በለጠ ትምህርት የሚሄድ ጎልማሳ ተማሪ የታወቀው “ዩኒቨርሲቲ” የሚለው ቃል ሳይሰማ ነው። ያ ተማሪ ዶርም አልነበረውም፤ ካፌ አልነበረውም፤ የተማሪዎች ዲን ቢሮም አያውቅም። ግን ያድር ነበር፤ ይበላ ነበር፤ ሲከብደው የሚያግዘው ነበረ። ለዚህ የመገናኛ መጽሔታችን የመረጥኩት ጥያቄም ይኸው ነው፦ ያን ተማሪ ማን አኖረው? መልሱስ ዛሬ ማስተርስ፣ ስፔሻላይዜሽንና ዶክትሬት ለሚማሩት ልጆቻችን ምን ይነግረናል?

ቤተልሔም፦ የመመስከሪያው ወንበር

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚወጣውን መንገድ የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ “የቻይና መንገድ” ይለዋል። ያ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት በእግር ተጉዘው ጋይንት የሚገቡ ሰዎች ነበሩ። ነጋዴ አልነበሩም፤ ወታደርም አልነበሩም። የድጓ ተማሪዎች ነበሩ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደረጃ እንዳለው አብዛኞቻችን እናውቃለን። ከፊደልና ከንባብ ቤት ይጀመራል፤ ከዚያ ዜማው፣ ቅኔው፣ አቋቋሙ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜው ይከተላል። ልብ የማንለው አንድ ነገር ግን አለ። አንድ ሰው በሰፈሩ ካለ የድጓ መምህር ዓመታት ተምሮ ቢጨርስም፣ “ድጓ አውቃለሁ” ብሎ ወንበር ለመዘርጋት ወደ ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር ነበረበት። ቤተልሔም በጋይንት ያለች ደብር ናት። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሆነው ድጓ የሚመሰከርባት ዋና ጉባኤ እሷ ስለሆነች፣ “የቤተልሔም ዜማ” የሚባለው ስልት ከቆማና ከአጫብር ጎን በስሙ ይታወቃል። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ምድር ነው። ሁለት የመመስከሪያ ወንበሮች በአንድ አገር መገኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም። በዛሬ አነጋገር የአገሪቱ የስፔሻሊቲ ፈተና የሚሰጠው ጋይንት ነበር ማለት ነው።

ቤተልሔም ራሷ አስገራሚ ሕንፃ ናት። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ ደርሶ፣ ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን የሆነው ሕንፃ በውስጡ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ደብቆ እንደያዘ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። የአገሬው ሰውና ተማሪዎቹማ ድሮም ያውቁት ነበር።

ወደ ቤተልሔም የሚመጣው ተማሪ ሕፃን አልነበረም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ብዙ መምህር አይቶ የመጣ ሰው ነው። መጽሐፉን በገዛ እጁ ብራና ላይ ይጽፋል፤ ምልክቱን ከመምህሩ ጋር ያርማል፤ ቀን ከመጽሐፍ፣ ማታ በጨለማ በቃሉ ያጠናል። ቴሲስ የጻፈ ሰው ይህንን ኑሮ ያውቀዋል። ቤተሰቡ ሩቅ ነው፤ ዕድሜው እየሄደ ነው፤ እኩዮቹ ቤት ሠርተዋል፣ ልጅ ወልደዋል። እሱ ግን ገና “ተማሪ” ነው።

ቁራሽ፣ ጎጆና ጓደኛ

ታዲያ ይህ ሰው እንዴት ኖረ?

መጀመሪያ ማደሪያው። ተማሪው ሲመጣ ከየኔታ ቤት አጠገብ ጎጆ ይሠራል፤ ካልሆነም ቀድሞ የመጣ ጓደኛው ጎጆ ውስጥ ይገባል። እንጨቱና ሣሩ ከአካባቢው ነው። የሚጠይቀው ኪራይ የለም፤ ተማሪው ተመስክሮ ሲሄድ ጎጆው ለሚቀጥለው ይቀራል።

ሁለተኛው ምግቡ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል። በየደጁ “በእንተ ስማ ለማርያም” ይላል። የሚያገኘው ቁራሽ እንጀራ፣ ቂጣ፣ ቆሎ ነው። ይህን ልመና ብቻ አድርገን እንናገረዋለን። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሥርዓት ነበረው። ሰጪው የሚሰጠው የተማሪውን የትውልድ አገር ሳይጠይቅ ነው። የጎጃሙም፣ የሸዋውም፣ የወሎውም ልጅ የጋይንትን እንጀራ በልቶ ተምሯል። ከሰጪዎቹ ደግሞ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ዱቄቱን የሚፈጩት፣ እንጀራውን የሚጋግሩት፣ ከልጆቻቸው መሶብ ላይ ቀንሰው በር ላይ የሚያቀብሉት እናቶች ናቸው። የቤተልሔምን ሊቃውንት ስም እየጠራን የምናመሰግን ሰዎች፣ እነዚህን ስም የሌላቸው ሴቶች የጉባኤው የገንዘብ ቤት ኃላፊዎች ነበሩ ብንል አላጋነንም። የሚያሳዝነው፣ በር ላይ ቆመው ሌላውን ያስተማሩት ሴቶች ራሳቸው ከዚያ ጉባኤ ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ አልነበራቸውም። እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህርት እንደ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉት በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ ያውም ስማቸው የወጣው ብርቅ ስለሆኑ ነው።

ሦስተኛው የሰው ድጋፍ ነው። የኔታ ብቻቸውን መቶ ተማሪ አያስተምሩም። ያወቀው ላላወቀው ያስቀጽላል፤ የላይኛው የታችኛውን ያርማል። ተማሪው ዛሬ ተቀባይ ነው፤ ነገ ደግሞ ሰጪ ይሆናል። ሲታመም የሚያስታምመው፣ ቁራሹን ለምኖ የሚያመጣለት የጎጆ ጓደኛው ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ “የአቻ ለአቻ ድጋፍ” ብለን መመሪያ የምንጽፍለት ነገር እዚያ የጉባኤው መተንፈሻ ነበር።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1257 ገደማ ሮቤር ደ ሶርቦን የተባለ ፈረንሳዊ ካህን ፓሪስ ውስጥ ለድሃ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ማደሪያ ቤት አቋቋመ። እነዚያ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ትምህርት ጨርሰው ለከፍተኛው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ “ሶርቦን” ስንል ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ትዝ ይለናል፤ ሲጀመር ግን የድኅረ ምረቃ ተማሪ መኝታ ቤት ነበር። በካይሮው አል አዝሃርም ተማሪዎች በየመጡበት አገር “ሪዋቅ” የሚባል ክፍል ነበራቸው፤ ዳቦም ይታደላቸው ነበር። ከእኛ አካባቢ የሚሄዱት ሙስሊም ተማሪዎች የራሳቸው የጀበርቲ ሪዋቅ ነበራቸው። እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ዳናን በመሳሰሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች፣ ደረሳውን ያበላው የሰፈሩ ሕዝብ ነው። እንግዲህ ጋይንትም፣ ወሎም፣ ካይሮም፣ ፓሪስም የደረሱበት ነገር አንድ ነው፦ ወደ ጥልቅ እውቀት የሚሄድ ሰው በራሱ ጥሪት ብቻ አይደርስም። ከእውቀቱ በፊት ጣሪያና እንጀራ ያስፈልገዋል።

የጎደለው ነገር

ሐኪም ነኝና የዚያን ሥርዓት ጉድለት ደብቄ ማለፍ አልችልም።

ጎጆው ጠባብ ነው፤ ተማሪዎቹ ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ ልብሳቸው አንድ ነው፤ ውኃውም ሩቅ ነው። ለቅማል ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ፣ ማለትም እየተመላለሰ የሚነሳው ትኩሳት፣ እስከ ዛሬ በአማራ ክልል ከሚያጠቃቸው ሰዎች መካከል የቆሎ ተማሪዎች ግንባር ቀደም ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልሉ የእከክ ወረርሽኝ ሲነሳም የአብነት ትምህርት ቤቶች ከተጎዱት መካከል ነበሩ።

ጋይንት በምሠራበት ጊዜ የግርሻ በሽተኛ ተማሪ ብቻውን መጥቶ አያውቅም። ሦስት አራት ሆነው ደግፈው ያመጡታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው። ከተሰጠ በኋላ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል በሽተኛውን ትቶ መሄድ አይቻልም። ነርስ ሲጎድለን ከአልጋው የማይለዩት እነዚያ የጎጆ ጓደኞቹ ነበሩ። በማግሥቱ ትኩሳቱ ሲወርድለት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ወደዚያው ጎጆ፣ ወደዚያው ልብስ ይመለስ? የሁሉም ልብስ ካልተቀቀለ፣ ጓደኞቹም ካልታዩ በሽታው ጎጆውን መዞሩ አይቀርም። ድጋፉ ሰው ነበረው፤ ሕክምና ግን አልነበረውም።

ሌላው ጉድለት መሠረቱ ነው። ተማሪ በቁራሽ የሚኖር ከሆነ፣ አገር ሲራብ ጉባኤው ይበተናል። በ1880ዎቹ ክፉ ቀንም፣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብም መሶቡ ባዶ ሲሆን የተማሪው አኩፋዳ አብሮ ባዶ ነው። የመምህሩ ኑሮ ደግሞ ከደብሩ መሬት ጋር የተያያዘ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ለብዙ ገበሬ እፎይታ መጣ። የአድባራቱ መሬት ግን በመሄዱ ወንበሩን ያቆመው የመተዳደሪያ ምንጭ ተቋረጠ፤ በምትኩም ሌላ አልተተካም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። ራሷ የወር ስንዴ የምትጠብቅ እናት ለተማሪ የምትቆርሰው ስንት ይሆናል?

ስለዚህ የድሮውን እያመሰገንኩ “ወደዚያ እንመለስ” የምል እንዳይመስላችሁ። የምለው ሌላ ነው። ያ ሥርዓት አንድ ነገር በትክክል ገብቶት ነበር፤ እኛ ደግሞ ብዙ ነገር አሻሽለን ያንን አንዱን ጥለናል።

ጎንደር፦ ዘመናዊው ድጋፍ ሲመጣ

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጣቢያ ሲቋቋም የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ እርዳታ አንድ ላይ ነበሩ። ትንሽ ቀደም ብሎ ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ኮሌጁ ጎንደር ላይ እንዲተከል ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወርደው እንዲማሩ ተደረገ። ይኸው የቡድን ሥልጠና ነው በእኛም ዘመን ቲቲፒ እያልን የወጣንበት። ባትስማሙኝም እላለሁ፦ ቲቲፒ የቆሎ ተማሪው ጎጆ የልጅ ልጅ ነው። አብረን አደርን፤ አብረን አበሰልን፤ የደከመውን አብረን ጎተትን። ልዩነቱ፣ እኛ ለመንደሩ ክትባትና መጸዳጃ ይዘን መሄዳችን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮሌጁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ በ1980ዎቹ ራሱን ቻለ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዶርም፣ ካፌ፣ ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የምክር አገልግሎት መጣ። ሴቶች ልጆች መጡ። እኔ ራሴ የዚያ ፍሬ ነኝ። ከእስቴ የወጣች ልጅ ቁራሽ ሳትለምን፣ ጎጆ ሳትሠራ ሐኪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብም ቢሆን ተማሪው ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ነው እንጂ በሩ ላይ አላስቆመውም። በኋላም ደብረ ታቦር የራሷ ዩኒቨርሲቲ ኖራት፤ የጋይንትና የስማዳ ልጅ ትምህርት ፍለጋ የሚሄድበት መንገድ አጠረ።

ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ይህ ሁሉ የተሠራው ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ዶርሙ ስድስት ሰው የሚተኛበት ነው። የካፌው ሰዓት በክፍል ፕሮግራም የተለካ ነው። የምክር ቢሮው “ከቤተሰብ የመለየት ናፍቆት” ብሎ የጻፈው ከእናቱ ለተለየ ልጅ ነው፤ ከልጇ ለተለየች እናት አይደለም።

ዛሬ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማን ነው?

ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በአገራችን ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ የሚያሠለጥን ፕሮግራም አለ። ሦስት ዓመት ይፈጃል። ስፔሻሊስት በማይገኝባቸው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱት በአብዛኛው እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው። ስማዳ ወገዳ ላይ ወይም ታች ጋይንት አርብ ገበያ ላይ ሌሊት ስምንት ሰዓት ምጥ የተያዘችን ሴት አስቡ። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ ክረምት ሲሆን ይበላሻል፤ ሰላም ሲጠፋ ደግሞ ይዘጋል። የእሷና የልጇ ሕይወት የሚተርፈው ያ ባለሙያ ትምህርቱን ስለጨረሰ ነው። ስለዚህ “የድኅረ ምረቃ ተማሪ ድጋፍ” ስንል የቢሮ ወሬ አድርገን አንየው። የዚያች ሴት ጉዳይ ነው።

አሁን ያን ባለሙያ ተማሪ ሳለ እዩት። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሚስትና ሁለት ልጆች ወረዳው ላይ አሉት። ስፖንሰር ያደረገው መሥሪያ ቤት ደመወዙን ይከፍላል፤ ሁልጊዜ በሰዓቱ አይደለም። በዚያች ደመወዝ ሁለት ቤት ያስተዳድራል፦ እዚያ ቤተሰቡን፣ እዚህ የተከራያትን አንዲት ክፍል። የገጠር ዘመዱ ችግር ላይ ሲወድቅ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ “ደመወዝተኛ” ነዋ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ቤተሰባቸው ንብረቱን ያጣባቸው ተማሪዎች አንድ ሳምንት አልቅሰው በሁለተኛው ሳምንት ዱቲ ገብተዋል። ከጎናቸው ማን ነበር? የክፍል ጓደኞቻቸው። እንደ ድጓ ተማሪው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አልነበረም።

ሴቷ ደግሞ አለች። እኔ ስፔሻላይዜሽን የተማርኩት በሌላ ከተማ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ ሆስፒታል ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ወለድኩ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለወላድ ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝ ነበር። እኔ ግን ወደ አንዱ ቢሮ ስሄድ “አንቺ እኮ አሁን ተማሪ ነሽ” ተባልኩ፤ ወደ ሌላው ስሄድ “አንቺ እኮ ሠራተኛ ነሽ፣ የተማሪ አገልግሎት አይመለከትሽም” ተባልኩ። ልጄን ያሳደገችልኝ ከእስቴ የመጣችው ታናሽ እህቴ ናት፤ ትምህርቷን አንድ ዓመት አቋርጣ። የእኔ ስፔሻሊቲ የቆመው በእሷ አንድ ዓመት ላይ ነው። ይህን የምናገረው ለማማረር አይደለም። ያ ነገር የእኔ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ይህን ገጽ የምታነቡ ሴት ባልደረቦቼ ታውቁታላችሁ። እንደ ጋይንት እናቶች ዛሬም የከፍተኛ ትምህርትን ወጪ በዝምታ የሚከፍሉ፣ ስማቸው ምስክር ወረቀት ላይ የማይወጣ ሴቶች አሉ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ በሁለት ወንበር መካከል ተቀምጧል። ለተማሪ አገልግሎት በጣም ሠራተኛ ነው፤ ለሠራተኛ መብት በጣም ተማሪ ነው። ቤተልሔም ላይ ግን ይህ አልነበረም። እዚያ ተማሪው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድጋፉ አልተቋረጠም። ለመመስከር የደረሰው አርባ ዓመት የሞላው ሰው ከጀማሪው እኩል ጎጆም፣ ቁራሽም፣ ጓደኛም ነበረው። “አንተ እኮ አድገሃል” ብሎ በሩን የዘጋበት የለም። ያ ሥርዓት የገባው፣ እኛ የጣልነው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ

አይቻልም እንዳንል በገዛ ቤታችን ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ የአካል ጉዳት ላለባቸው ወጣቶች የትምህርት ዕድል ሲሰጥ፣ ሥራው ክፍያ ከመሸፈን አላቆመም። ተማሪው የሚገባበት በር፣ የሚያነብበት መሣሪያ፣ የሚመክረው ሰው፣ ከትምህርት በኋላ የሚገባበት ሥራ አብሮ ታስቧል። ድጋፍ ማለት ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ያየንበት ፕሮግራም ነው። ጥያቄው ይህን አስተሳሰብ የትልቅ ለጋሽ ገንዘብ ለሌላቸው ለቀሩት ተማሪዎች እንዴት እናዳርሰው የሚለው ነው።

አሁን ጊዜው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እየሄደ ስለሆነ ጉዳዩ አይቆይም። ለድኅረ ምረቃ የሚገባ ሰው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ይፈተናል። ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ ወደመሆን እየሄዱ ነው፤ የአዲስ አበባው ጀምሯል። ራስ ገዝነት ጥሩ ነገር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የራሱን ገቢ ሲፈልግ፣ መጀመሪያ የሚመለከተው ደመወዝ አለው የሚባለውን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ፈተናውን አልፎ ክፍያው ያቃተው የስማዳ ጤና መኮንን፣ ፈተና እንደወደቀው ሁሉ ለስማዳ አይደርስላትም።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

ለዚህ የመገናኛ በዓል ስንሰበሰብ ብዙ ጊዜ ሐውልት፣ በር ወይም መድረክ ስናሠራ እናወጣለን። ክፋት የለውም። እኔ የማቀርበው ግን ከጋይንት የተማርኩትን አምስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ጎጆ። ለቴሲስ ዲፌንስ፣ ለፈተና ወይም ለመረጃ ሥራ ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥቂት ቀን የሚያርፍባቸው ጥቂት ክፍሎች ይኑሩ። ከእነሱ አንዱ ወይም ሁለቱ ልጅ ይዛ ለምትመጣ እናት ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ቁራሽ። ደመወዙ ሲዘገይ ወይም ሐዘን ሲገጥመው የሚበደርበትና ሲደርሰው የሚመልሰው ተዘዋዋሪ ገንዘብ እናቋቁም። ስሙን እድር እንበለው፤ ሥራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በየወሩ ከእያንዳንዳችን የሚወጣው ትንሽ ገንዘብ ብዙ ተማሪ ከማቋረጥ ያድናል። ሲሰጥም ተቀባዩን የሚያስለምን ረጅም ፎርም አይኑረው።

ሦስተኛ፣ የሚያስቀጽል ሰው። ለእያንዳንዱ ከሩቅ ወረዳ ለመጣ ተማሪ በሙያው የተመረቀ አንድ ሰው ይመደብለት። አድቫይዘሩ ያልደረሰበትን ፕሮፖዛል የሚያነብለት፣ ሲጨልምበት ስልክ የሚያነሳለት። መምህራን ሆይ፣ አማካሪነት ትርፍ ሥራ ሆኖባችሁ እንደሆነ እናውቃለን፤ እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ከጎናችሁ ልንሆን እንችላለን።

አራተኛ፣ የሕፃናት ማቆያ። በሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍልና ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሞግዚቶች ብዙ ታናሽ እህቶችን ወደ ትምህርታቸው ይመልሳሉ። የሚገባው ማን ነው ሲባልም “ሠራተኛም ተማሪም” ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ የተበላውን እንጀራ መመለስ። የቲቲፒ ቡድኖቻችን ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሲወርዱ የአብነት ትምህርት ቤቶችን በፕሮግራማቸው ያስገቡ። ቅማልን የማጥፋት፣ ልብስ የመቀቀል፣ ግርሻን ቶሎ የመለየት ሥራ ውድ አይደለም። በአንድ ሳምንት ሥልጠና ከየጉባኤ ቤቱ ሁለት ተማሪ የጤና ተጠሪ ማድረግ ይቻላል። እነሱ መደጋገፉን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ የሚጎድላቸው የሙያው እውቀት ነው።

የጋይንት እናት ቁራሹን ስትሰጥ ተማሪው የእሷ ልጅ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ተመስክሮ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ሸዋ እንደሚመለስም ታውቅ ነበር። ግን ሙት ሲሞት የሚፈታ፣ ልጅ ሲወለድ የሚያጠምቅ፣ በዓል ሲመጣ የሚያመሰግን ሊቅ ከየትም ይምጣ እንዲኖር ትፈልግ ነበር፤ ከፈለገች ደግሞ ወጪውን እንደምትካፈል አውቃ ሰጠች። ዛሬ የእሷ የልጅ ልጆች ወገዳ፣ አርብ ገበያ፣ ነፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ላይ የሚያክም ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው አሁን እኛ ከወጣንበት ግቢ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ደመወዙ ገባ ወይስ አልገባ እያለ ስልኩን እያየ ነው። በዚህ በዓል ላይ ስማችንን ለእድሩ እናስመዝግብ፤ የመጀመሪያውን መዋጮ ከበዓሉ ሳንወጣ እንክፈል።

መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንልን።